ሳትጠራ የገባችው ጨረቃ

ያን ዕለት ባሕሩ ዳር የነበርነው እኔ፣ ሴት ልጄ፣ ጎረቤታችን እማማ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ውሻ የያዘ አንድ ፈረንጅ ነን። ወንድ ልጄ አልነበረም። አላስካ ዓሣ ፋብሪካ ሊሠራ ሄዷል። ማታ ማታ የሚደውልልኝ ልጅ ከእሑድ ጀምሮ ድምፁ ጠፍቶብኛል።

ጨረቃ ትያዛለች፣ ግርዶሽ ነው፣ እንይ ያለችው ሴት ልጄ ናት። እማማ ሲሰሙ ነጠላቸውን አጣፍተው «ብቻችሁንማ አትሄዱም» ብለው መኪናው ውስጥ ገቡ። ሊነጋጋ ሲል ከሰፈራችን ከሾርላይን ወደ ባሕሩ ቁልቁል ነዳሁ።

ጨረቃዋ ከባሕሩ ማዶ ካለው ተራራ በላይ ዝቅ ብላ ነበር። የዛገ ብረት መስላለች። ሳያት አማተብኩ።

«ማሚ፣ ሻዶው ነው እኮ። የምድር፣ የራሳችን ሻዶው።»

«የእኛ ጥላ እንዲህ ካጠቆራት ጉዳችን ነው» አሉ እማማ። ልጄ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ፈረንጁ በአጠገባችን ሲያልፍ «ቢዩቲፉል» አለን።

እማማ ጫማቸውን አውልቀው እርጥቡ አሸዋ ላይ ቆሙና እግዚኦታቸውን በጣታቸው እየቆጠሩ ጀመሩ። በእሳቸው አገር ጨረቃ ስትያዝ የተጀመረ እግዚኦታ እስክትጠራ አይቋረጥም። እኔም ተከተልኳቸው። በልቤ ግን ነገሩን ከወንድ ልጄ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ከጠራች እሱም ደኅና ነው ብዬ።

በአንድ ጎኗ ነጣ ማለት ጀመረች። ከዚያ ሌላው ጎኗ እንደጠቆረ ከተራራው ጀርባ ገባች።

«ሶ፣ እንሂድ?» አለች ልጄ።

«ሳትጠራ? ያላየሁትን ጠርታለች ብዬ እንዴት ላቋርጥ?» አሉ እማማ።

ልጄ ስልኳን ነካካች። «አላስካ ገና አልገባችም። ኮል አድርጊለትና እሱ ይይልን።»

ደወልኩ። የማላውቀው ሰው አነሳ፤ አማርኛ ተናጋሪ ነው።

«እናቴ፣ አብሮት የማድር ነኝ። ሌላ ቦታ ሰው ጎድሎ በጀልባ ወስደውታል። ስልኩን ቻርጅ ላይ ረስቶት ነው።»

«የት ወሰዱት?»

«አልነገሩንም።»

«እባክህ ልጄ፣ ውጣና ጨረቃዋን እይልኝ» አልኩት። በር ሲከፈት፣ ነፋስ ሲነፍስ ሰማሁ።

«እናቴ፣ እዚህ ዝናብ ነው። ሰማዩም አይታይም።»

እማማ ፊቴን አይተው እዚያም እንዳልታየች ተረዱ። ቀበቶ ሳስርላቸውም፣ መንገዱን ሙሉም፣ ከንፈራቸው ከእግዚኦታው አላረፈም።

ያ ስልክ ከዚያ ወዲህ ዝግ ነው። ፋብሪካው ቢሮ ስደውል «ሥራ ላይ ነው» ይሉኛል፤ ድምፁን ግን አላሰሙኝም። ከአላስካ የዓሣ ሥራ የተመለሳችሁ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት ልጅ አይታችሁ እንደሆነ፣ እባካችሁ ወሬውን ንገሩኝ።