ግርማ የቀረበት ዳርቻ

«የአንድ ቀን ስንቅ፣ የሦስት ቀን ጥይት ያዙ» ተባልን። ከምጽዋ በስተሰሜን ባሕር ዳር ወርደን የተከበበ ሻለቃ ጦር ልናስወጣ ነበር። የእኛ ቡድን ሠላሳ አራት ሰው ሲሆን እኔ ሃምሳ አለቃ ነበርኩ።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባችን አሸዋ ላይ ተቀመጠች። ዘለን ወረድን። ውኃው ደረት ይደርሳል። አብዛኞቻችን የደጋ ሰዎች ነን፤ ዋና አናውቅም። ፊት ለፊት ካለው ጉብታ መትረየስ ተከፈተ። የብሱን ሳንረግጥ ስድስት ሰው አጣን።

እስከ ቀትር ተኝተን ተታኮስን። ከዚያ «ወደ ጀልባ ተመለሱ» የሚል ትእዛዝ መጣ። አሥር አለቃ ግርማ ጭኑን ተመትቶ ነበር። ልሸከመው ጎንበስ ስል፣ «እኔን ተወኝ፤ ልጆቹን አውጣ» አለኝ። ተውኩት።

ሲያትል ብዙ ዓመት ከኖርኩ በኋላ፣ በሁለት ሺዎቹ መጨረሻ ላይ፣ ሰላም የምትባል፣ እዚያው ሲያትል አጠገብ ቡሪየን ከተማ የምትኖር ነርስ ኮል አደረገችኝ። የግርማ ልጅ ናት። ስሜን ከአባቷ ደብዳቤ ላይ አግኝታ በሰው በሰው አፈላልጋኛለች።

«ጋሼ፣ የወረዳችሁበትን ቦታ ብቻ ያሳዩኝ። እማዬ እስካሁን ለቅሶ አልተቀመጠችም። ይመጣል ነው የምትለው።»

ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው ሰፈር ላይብረሪ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን ላፕቶፗ ላይ የሳተላይት ካርታ ትከፍት ነበር። ዳርቻው ሁሉ አንድ ሆነብኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ ተክሌን ይዤ ሄድኩ። ተክሌ ኤርፖርት አብሮኝ ታክሲ የሚነዳ ኤርትራዊ ነው። በዚያ ጦርነት በወዲያኛው ወገን ተዋግቷል። አምስት ዓመት ስንተዋወቅ ስለዚያ ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

ካርታውን አየና ጣቱን አንድ የጨው ሜዳ አጠገብ አሳረፈ። «ጉብታው ይኸ ነው። እኔ እላዩ ላይ ነበርኩ።»

«ሶ፣ አባቴን አይተውታል?» አለችው።

«ጭኑን የተመታ አሥር አለቃ ነበር። ውኃ ለመነን፤ አጠጣነው። ሳይመሽ ዐረፈ። ከሌሎቹ ጋር ከጨው ሜዳው በላይ ቀበርነው።»

ሰላም ወደ እኔ ዞረች። «ሲሄዱ በሕይወት ነበር?»

ልዋሻት አስቤ ነበር። «ነበር» አልኳት።

የተክሌን እጅ ይዛ አለቀሰች። እኔን ሳትሰናበተኝ ወጣች። አልፈርድባትም። በሳምንቱ እናቷ ደብረ ብርሃን ለቅሶ መቀመጧን ከሰው ሰማሁ።

ከሠላሳ አራታችን አሥራ ዘጠኝ ተመለስን። አሥራ አምስቱ እዚያ ናቸው። የአሥራ አራቱ ቤተሰቦች እስካሁን አልጠየቁኝም። ከጠየቁኝ የማውቀውን ሁሉ እነግራቸዋለሁ፤ ማንን በሕይወት ትተን እንደሄድንም ጭምር።