ሁለት ሆነው ያጠኑት ፈተና

ሌንሳ ነቀምቴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። ባሏ ጂሩም የኬሚስትሪ መምህር ነበር። በተጋቡ ሰሞን ሁለቱም ውጭ አገር ሄደው ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ተስማሙ። ለዚያ ደግሞ አዲስ አበባ የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ፈተና በጥሩ ውጤት ማለፍ ነበረባቸው።

ጂሩ ቀመር እንጂ ቋንቋ አይሆንለትም፤ ስለዚህ አስተማሪው እሷ ሆነች። ከትምህርት ቤት መልስ ትንሿን ልጃቸውን ኬኔን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታስጠናዋለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ትሰጠዋለች፤ እሱ ትርጉሙን ሳይለውጥ በሌላ አነጋገር ይጽፈዋል። "ቢያጠና ኖሮ ያልፍ ነበር" የሚለውን "ያላለፈው ስላላጠና ነው" እያለ መገልበጡን ቶሎ ያዘ። ያስቸገረው ፈሊጡ ነው። እንግሊዞች "ጥይቱን ንከስ" ሲሉ "ጥርስህን ነክሰህ ቻለው" ማለታቸው እንደሆነ ስትነግረው ተናደደ።

"ታዲያ ለምን እንደ ሰው አይናገሩም?"

"አንተስ ሆዴ ባባ ስትል ሆድህ ምን ሆኖ ነው?"

ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ፈሊጥ መሰብሰብ ሱስ ሆነበት፤ መንገድ ላይ ሳይቀር ለራሱ ያነበንባል።

ፈተናው ሲደርስ ኬኔን አብረዋቸው ለሚኖሩት ለጂሩ እናት ለአዴ ሎሚ ትተው በጠዋት አውቶቡስ ተሳፈሩ። መንገድ ላይ አኖ ከተማ ወርደው ቁርስ እንደጀመሩ የሌንሳ ስልክ ጮኸ። አዴ ሎሚ ናቸው። ኬኔን ወባ ጥሏታል፤ ትኩሳቱ አንዘፍዝፏት ሐኪም ቤት ገብታለች።

"እንመለስ" አለች ሌንሳ።

ጂሩ አውቶቡሱን አየ። "ሁለታችንም ከምንቀር አንዳችን እንፈተን። ለልጅቷ አንቺ ትሻያለሽ። የሚቀጥለው ያንቺ ተራ ነው።"

እውነት መሰላት። ሻንጣዋን አውርዳ ወደ ነቀምቴ የሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ጂሩ ያዘዘውን ቁርስ ሊጨርስ ተመለሰ።

ኬኔ ዳነች። ጂሩም አለፈ። በዓመቱ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ አየርላንድ ገባ። መጀመሪያ በየቀኑ ይደውል ነበር፤ በኦሮምኛ ያወራሉ፣ ከኬኔ ጋር ይጫወታል። ኋላ ጥሪው እየሳሳ ሄደ። በሁለተኛው ዓመት መልእክት ላከ፤ በእንግሊዝኛ። ሌንሳ ገና ሳታነበው ነገሩ ገባት፤ እሱና እሷ በእንግሊዝኛ ተጻጽፈው አያውቁም።

መልእክቱ ያማረ ነበር፤ አንድም ስህተት የለበትም። "ከብዙ ማሰብ በኋላ መለያየቱ እንደሚሻል ታምኖበታል" ይላል። ማን እንዳመነበት አይናገርም። አድራጊውን ደብቆ ዓረፍተ ነገር መሥራት ቀላል አይደለም፤ እሷው ናት ደጋግማ ያለማመደችው። ሌላ ሴት እንዳለችም ከታች በዚያው አነጋገር ተጽፏል።

አዴ ሎሚ ፊቷን አይተው "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን አለሽ?" አሏት።

"በእንግሊዝኛ ጽፎልኛል፤ ትቶኛል። ሌላ ሴት ይዟል።"

አሮጊቷ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ "እንግሊዝኛው ተምታቶብሽ ይሆናል" አሏት።

ሌንሳ ቁጭ ብላ አልቀረችም። እሷም ተፈተነች፤ ውጤቷ ከጂሩ በለጠ። አንድ ዩኒቨርሲቲም ተቀበላት። ኬኔን ይዛ ለመውጣት ግን የአባት ፈቃድ ተጠየቀች። ጻፈችለት፤ "አስብበታለሁ" አለ። ደግማ ጻፈች፤ ዝም አለ። ልጇን ጥላ መሄድ አልሆነላትም። የፈተናው ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ ምንም ሳይሠራላት ጊዜው አለፈበት።

ዛሬም ነቀምቴ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ለዚያው ፈተና የሚዘጋጁ ወጣቶች ቤቷ ይመጣሉ፤ ብዙዎቹ አልፈው ሄደዋል። በቅርቡ ትግሉ የሚባል ተማሪዋ "ቲቸር፣ አንቺ ለምን አልሄድሽም?" ሲላት "ቁጥር ሰባትን ሥራ" አለችው።

አዴ ሎሚ አሁንም አብረዋት ይኖራሉ፤ ሌላ የሚጦራቸው የለም። እሑድ ከቸርች መልስ ጎረቤቶች ጎራ ሲሉ ስለ ልጃቸው ይጠይቋቸዋል።

"ጂሩማ ከልጅነቱም ጎበዝ ነው" ይላሉ። "እንግሊዝኛውንም ማንም ሳያግዘው ብቻውን ነው የተማረው።"

ሌንሳ እየሰማች ውሃ ትቀዳላቸዋለች፤ የደም ግፊት ክኒናቸውን የሚውጡበት ሰዓት ነው።