ቁጥሩን ብቻ የሚናገረው ሰው

በዛይቻር ከተማ ገበያ፣ ከቲሞክ ወንዝ ድልድይ ወዲህ ባለችው ማዕዘን፣ ራዶሚር የሚባል ሽማግሌ ሚዛን ዘርግቶ ይቀመጣል። የእህል ሚዛን አይደለም፣ የሰው ነው። ጫማህን ታወልቃለህ፣ ትወጣለህ፣ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ጆሮህ ሥር ቁጥሩን ሹክ ይልሃል። በቃ። "ወፍረሃል" የለ፣ "ከስተሃል" የለ፣ "ዳቦ ቀንስ" የለ። ሳንቲምህን ቆርቆሮው ውስጥ ጣል አድርገህ ትሄዳለህ። በዚያ ገበያ ከእሱ ሌላ አፉን የሚሰበስብ ሰው አላውቅም፤ እኔንም ጨምሮ። ግን ይኸው ዝምታው ባለፈው በጋ፣ በሐምሌው ሙቀት፣ ሰው ሊገድል ነበር። የምነግራችሁም እሱን ነው።

ዝም ማለትን ከመጽሐፍ አልተማረውም። ሚዛኑ የልጁ ነበር። ዝላታ ትባላለች፤ ፊተ ክብ፣ ሳቂታ፣ መብላት የምትወድ ልጅ ነበረች። ራዶሚር ያኔ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ለእሷ ብሎ ሚዛን ገዛና እሁድ እሁድ ያስወጣት ጀመር። ብቻዋን ቢሆን እኮ ምን ነበረበት! አንድ ዓመት፣ የቤታቸው ጠባቂ የቅዱስ ኒቆላ በዓል ዕለት፣ እንግዳው ሁሉ ገበታ ከቦ ተቀምጦ ሳለ፣ የአሥራ አራት ዓመቷን ልጅ ሚዛኑ ላይ አቁሞ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበው። አጎቶቿ ሳቁ። አክስቷ "በባዶ ሆዷ ኮምጣጤ ስጧት" አለች። ሌላው "ገመድ ትዝለል" አለ። ልጅቷ ወረደች፣ ጫማዋን አደረገች፣ ክፍሏ ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ በአባቷ ፊት ጎርሳ አታውቅም። ዛሬ ኦስትሪያ ናት። ለአዲስ ዓመት ትደውላለች፣ "ደህና ነህ? እኔም ደህና ነኝ" ብላ ትዘጋለች። ፋብሪካው ሲዘጋ ራዶሚር ያንኑ ሚዛን በጨርቅ ጠቅልሎ ገበያ ወረደ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ማለ፤ መሐላውንም ሠላሳ ዓመት ጠበቀ።

ዶብሪላ ደግሞ በገበያው በር ያለችው ጋጋሪ ናት። አይብ ወይም ሥጋ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገረውን ቡሬክ ከምድጃ እያወጣች ስትጣራ ድምጿ ድልድዩን ይሻገራል። መቶ አርባ አንድ ኪሎ ነበረች። በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ጉልበቷ አልሸከማት አለ፣ ስኳር ያዛት፣ ስትተኛ ትንፋሿ ይቆራረጥ ጀመር። አሰበችበት፣ አወጣች አወረደች፣ ከፋሲካ በኋላ ዋና ከተማ ሄዳ ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና አሳነሰች። ሐኪሞቹ ሲሸኟት በትንሽ በትንሹ ብይ፣ ቫይታሚኑን አንድ ቀን እንኳ እንዳታስታጉዪ፣ ማስመለስ ከበዛብሽ ደግሞ ሳትውይ ሳታድሪ ነይ ብለዋት ነበር።

ወይ ሰው! ቢላዋ ያረፈባት እሷ፣ ሐኪም የሆነው ገበያው! አንዱ "በአቋራጭ መጣሽ፣ ላብሽን ብታፈሺ ይሻልሽ ነበር" ይላታል። ሌላዋ "ያጎቴ ልጅ ተቀዶ መልሶ ወፈረ" ትላታለች። ከሁሉ ግን የአይብ ሻጯን የስታኒያን የሚያህል የለም። ባንኮኒዋ ከዶብሪላ ምድጃ ፊት ለፊት ነው፤ ስለዚህ ምክሯ ቀኑን ሙሉ ይወርዳል። ክፉ ሰው አይደለችም። ችግሩም ይሄው ነው፤ ክፉ ብትሆን ማን ይሰማት ነበር?

"አንቺ ዶብሪላ፣ ይሄን የኮመጠጠ ጎመን ውሃ ጠዋት ጠዋት ጠጪ። የእህቴን ባል ቀበቶ ሦስት ቀዳዳ አስገብቶታል።"

"እትዬ ስታኒያ፣ ሆዴ ጠባብ ናት፤ ምክር አይገባባትም!"

ገበያው በሳቅ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ለመጣ ለሄደው ሁሉ መልሷ ይህቺው ሆነች። ራዶሚር ሳይቀር ማዕዘኑ ላይ ተቀምጦ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቅ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ለመመዘን ስትመጣ ጫማዋን እያወለቀች "እርስዎ ጋ ስመጣ ነው የማርፈው፣ ጋሽ ራዶሚር" ትለዋለች። "እንዳይመክሩኝ አደራ።" እሱም አንገቱን ይነቀንቅላታል።

ግን ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በሰኔ መጀመሪያ ማስመለስ ጀመራት። መጀመሪያ አልፎ አልፎ፣ በኋላ በየቀኑ፣ ከዚያ በየጉርሻው። ስታኒያ ከባንኮኒዋ ማዶ "ተይው ይውጣ!" አለቻት። "ስቡ እኮ ነው የሚወጣው። ያንን ክኒን ነው መተው። በባዶ ሆድ ድንጋይ የሚያህል ክኒን? እሱ ነው የሚያስመልስሽ። ደግሞ ክኒን ውሃ ይይዛል፣ መልሶ ያወፍርሻል።" በማግስቱ የአሪቲ ሻይ በፔርሙስ አፍልታ መጣች። ዶብሪላ ከፋሲካ ወዲህ በቀልድ ስትመክት የከረመች ሴት፣ ደክሟት ነበር። ክኒኑም እውነት ነው አልወርድ ብሏታል። ተወችው።

ለሐኪም አልነገረችም። የነገረችው ለማን ይመስላችኋል? ሚዛኑ ላይ ቆማ፣ አጎንብሳ፣ ለራዶሚር። "ክኒኑን ትቼዋለሁ ጋሼ። ለእርስዎ ብቻ ነው የምናገረው፤ እርስዎ ምንም አይሉኝም።" እሱም ምንም አላለም። ኪሎዋን ነገራት።

የሐምሌ የመጀመሪያዋ ቅዳሜ መቶ አሥራ ዘጠኝ ሆነች። ራዶሚር ቁጥሩን ለማንበብ ከወትሮው ይበልጥ ቆየ፤ ጠቋሚው አልቆም ብሎት ነበር። ወዲያ ወዲህ ይርገበገባል። ሚዛኑ አርጅቷል አለና ቤቱ ወስዶ ፈታታው፣ ጠረገው፣ ዘይት ቀባው።

በሁለተኛዋ ቅዳሜ መቶ አሥራ ሦስት። በአንድ ሳምንት ስድስት ኪሎ! ጠቋሚው አሁንም ይርገበገባል። ዶብሪላ እንደሄደች ራዶሚር ከጎረቤቱ አንድ ጆንያ ድንች ተውሶ ሚዛኑ ላይ አቆመ። ጠቋሚው ሄደ፣ ደረሰ፣ ቀጥ አለ። ያኔ ገባው። ሚዛኑ ደህና ነው፤ የሚንቀጠቀጠው እግሯ ነው። ገና ጆንያውን ሳያወርድ ዶብሪላ ተመልሳ መጣች፤ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

"ዛሬ ሳልመዘን ልሄድ ነበር እኮ፣ ጋሼ! ምን ነካኝ?"

ከተመዘነች ግማሽ ሰዓት አልሞላትም። ራዶሚር አፉን ከፈተ። ባዶ እግሯን አየና ሚዛን ላይ የቆመች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እግር ታየው፤ አፉን መልሶ ዘጋ። መዘናት። ያንኑ ቁጥር ሹክ አላት። አመስግናው ሄደች።

በሦስተኛዋ ቅዳሜ መቶ ሰባት። ከሚዛኑ ስትወርድ ተንገዳገደችና የራዶሚርን ትከሻ ጨበጠች። በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች አጨበጨቡላት! "እንዴት አማረብሽ! ወገብ አወጣሽ እኮ!" ፊቷ የሰም መስሏል፣ ዓይኖቿ አንድ ቦታ አያርፉም፤ እነሱ ያጨበጭባሉ። ራዶሚር አላስችል አለውና ለመጀመሪያ ጊዜ ከበርጩማው ተነሥቶ ስታኒያ ዘንድ ሄደ።

"ይህቺ ልጅ ታማለች" አላት።

"በል ሂድ ወዲያ! ሠላሳ ዓመት አፍህን ለጉመህ ዛሬ ሟርት ይዘህ መጣህ? ቀጠነች እንጂ መች ታመመች! ሲያምርባት ከፋህ?"

አፍሮ ተመለሰ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የፈራው ስታኒያን አይደለም። ዶብሪላ እንደ ዝላታ ጫማዋን አድርጋ ሄዳ፣ ዳግም እንዳትመጣ ነው የፈራው።

በአራተኛዋ ቅዳሜ የዶብሪላ ምድጃ አልተለኮሰም። ገበያተኛው የተዘጋውን በር እያየ "ዛሬስ አልቀናንም" እያለ ያልፋል። ራዶሚር የድንቹን ጆንያ ከጎኑ አስቀምጦ ጠበቀ። ረፋድ ላይ መጣች። የየባንኮኒውን ጠርዝ እየያዘች፣ እግሯን አንፈራጣ፣ አንድ በአንድ እያነሣች። ስትደርስ ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ አለች።

"ቆይ" አላት ራዶሚር። "መጀመሪያ ድንቹን እይልኝ።" ጆንያውን ሚዛኑ ላይ አወጣው። "ጠቋሚው ቆመ?"

"ቆመ። ምን እየሆኑ ነው?"

ጆንያውን አወረደ። "አሁን አንቺ ውጪ። ራስሽ አንብቢው።"

ዶብሪላ ገባት። ዓይኗ እንባ ሞላ። "እርስዎም ጀመሩ? ጋሼ፣ እርስዎም? አንድ ማረፊያ ነበረችኝ፤ እሷንም ሊነጥቁኝ ነው?"

ልቡ ተሰበረ። ግን አልተመለሰም። "ምክር አይደለም፣ ልጄ። ስለ ሆድ አላውቅም፣ ስለ ክኒን አላውቅም። የማውቀው ሚዛን ነው። ውጪና ጠቋሚው ይቆም እንደሆነ ንገሪኝ። ከዚያ በኋላ ብትሰድቢኝም እሺ።"

ትከሻውን ይዛ ወጣች። ወደ እግሯ አጎነበሰች። አንድ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከፈተች፣ ሌላውን ጨፈነች።

"የትኛው?" አለችው።

"የትኛው ምን?"

"የትኛው ጠቋሚ ነዋ። ሁለት ናቸው እኮ፣ ጋሼ።"

ራዶሚር ጮኸ። ከሹክሹክታ በላይ ድምፁን ሰምተነው የማናውቀው ሰው "ስታኒያ! መኪናሽን!" ብሎ ሲጮህ ገበያው በሙሉ ዞረ። ስታኒያ ልትመክር አፏን ከፍታ መጣች፤ የዶብሪላን ዓይን ከቅርብ አየች፤ ቁልፏን አነሣች። የአይብ መጫኛዋን መኪና ስትነዳ እስከ ሆስፒታሉ በር አንድ ቃል አልወጣትም። እሷን ለሚያውቅ ሰው ይሄ ራሱ ያስፈራል።

ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። የዶብሪላን ዓይን በጣቷ ወዲያ ወዲህ አስከተለች፣ ቀኑን ጠየቀቻት። ዶብሪላ "ፋሲካ አይደል?" አለች። ሐኪሟ ፊቷን አጠቆረች።

"ቫይታሚኑን ትወስድ ነበር?"

ስታኒያ ወለል ወለሉን አየች።

"አምስት ሳምንት ሆኗታል ከተወችው" አለ ራዶሚር። "ነግራኝ ነበር።"

"ያውቁ ነበር? ታዲያ ምን እየጠበቁ ነበር፣ አባቴ?"

ራዶሚር ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆመ። በዚያው ሰዓት ቫይታሚኑን በደም ሥሯ ሰጧት። ቆይታ ሐኪሟ ወጣችና አንድ ቫይታሚን ከሰውነቷ ተሟጦ ማለቁን፣ ዓይኗን፣ እግሯንና የማስታወስ ችሎታዋን የጎዳው ያ መሆኑን ነገረቻቸው። "ነፍሷ ትተርፋለች። የቀረውን እናያለን" አለች። "ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ብትመጣ ኖሮ..." አለችና ተወችው። ራዶሚር ግን ዓረፍተ ነገሩን ይዞት ወደ ቤቱ ሄደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ስታኒያ ዝም ያለችው እስከ በርበሬ ወቅት ነው። በመስከረም ከተማው ሁሉ ቀይ ቃሪያ ሲጠብስ አንዲት ነፍሰ ጡር ስታማክር ሰማናት። ግን ስትጨርስ "ሐኪምሽን ጠይቂ፣ እኔን አትስሚ" አለች። ይህም ትልቅ ነገር ነው።

በጥቅምት መጨረሻ ዶብሪላ መጣች። ምርኩዝ ይዛለች፤ እህቷ ከኋላ ትከተላታለች። እግሯ ቀስ ይላል እንጂ ይሄዳል፣ ዓይኖቿም አንድ ላይ ያያሉ። ራዶሚር ሲያያት ከበርጩማው ተነሣ። እሷ ግን አለፈችው። ጥቂት ከሄደች በኋላ ሚዛኑን ልብ አለችና ተመለሰች።

"ደህና ዋሉ፣ አባባ። ሰው ይመዝናሉ? እዚህ ተመዝኜ አላውቅም።"

እህቷ ከኋላዋ ለራዶሚር ራሷን ነቀነቀችለት። በጋው በትዝታዋ የለም። ቅዳሜዎቹም የሉም። "ጋሼ" የምትለው ሰውም የለም።

"እመዝናለሁ፣ ልጄ" አለ። "ውጪ።"

ወጣች። ጠቋሚው ሄደ፣ ደረሰ፣ ትንሽ ተወዛወዘና ቆመ። ቁጥሩን ጆሮዋ ሥር ነገራት። ከዚያ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ፣ ሚዛኑ ላይ ለቆመ ሰው ከቁጥሩ ሌላ ነገር ተናገረ።

"ክኒንሽን ዛሬ ውጠሻል?"

ዶብሪላ ቀና ብላ አየችው። ፈገግ አለች፤ ያ የድሮው ተንኮል ፊቷ ላይ መጣ። "አባባ፣ እርስዎም ሊመክሩኝ ነው? ሆዴ ጠባብ ናት፤ ምክር አይገባባትም!"

አሁን የፈለሰፈችው መስሏት በራሷ ቀልድ ሳቀች። ራዶሚርም ዛሬ ገና እንደሰማው ሆኖ ሳቀላት፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ። እህቷ ፊቷን አዞረች።

ዶብሪላ ጫማዋን አድርጋ፣ ምርኩዟን ይዛ ልትሄድ ብላ ቆመች። ግንባሯን አሸች።

"ምን ነበር የጠየቁኝ?"

"ክኒንሽን ውጠሻል ወይ ነው ያልኩሽ፣ ልጄ።"