ከዝናቡ ውስጥ የተነሳው እጅ

ይህን ጨርቅ አባትህ እስከ ዛሬ ያስቀምጠዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እስቲ ወዲህ በለው። ድሮ ቀይ ነበር፤ አሁን የጡብ መልክ ይዟል። አምበል ሳለ ክንዱ ላይ የሚያስርበት ክር እንኳ አልተበጠሰም። ከሣጥን የወጣ ነውና ናፍታሊን ናፍታሊን ይላል፤ እኔን ግን የሚሸተኝ ሌላ ነው፤ በረዶ የቀጠቀጠው ሣርና እርጥብ ጭቃ።

ጥያቄህን ሰምቻለሁ። የአባትህን አርባ አውጥተህ በነጋታው መጥተህ፣ "ጋሼ፣ ያ በረኛ የሞተው እውነት አባቴ እጁን አላነሳም ብሎ ነው?" አልከኝ። የበረኛው እናት፣ አጥር ለአጥር የሚዋሰኑ ጎረቤት፣ ለቅሶ እንዳልደረሱ ነገርከኝ። በእኛ አገር ለቅሶ አለመድረስ ምን ማለት እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። ቁጭ በል። ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ከመሃል ከጀመርኩ እሸሻለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ።

አባትህ የታች ሰፈር ቡድን አምበል ነበር፣ እኔ የላይ ሰፈር። የምትለየን ያቺ ወንዝ ናት፤ በበጋ ሕፃን የሚሻገራት። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ተነስተን፣ በአንድ ክፍል ተምረን፣ የኳሱ ሰሞን ሲመጣ ግን ሰላምታ እንኳ እናቋርጥ ነበር። ጨዋታው በየዓመቱ በዳግም ትንሣኤ እሑድ ነው። ከዚያ በፊት አይሆንም፤ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም የከረመ ልጅ ምን ጉልበት ኖሮት ይሮጣል? ያሸነፈው ዓመቱን ሙሉ አፉ አይገጥምም። የተሸነፈው ገበያ ሲሄድ በጓሮ ዞሮ ነው። አንድ ዓመት የእኛ አጥቂ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ፣ ይጁቤ ከተማ አጎቱ ቤት ገብቶ እስከ ሰኔ አልተመለሰም። እየቀለድኩ እንዳይመስልህ።

ጣጣውን ያመጣው የጉሙ ጨዋታ ነው። እኛ አንድ ለዜሮ እየመራን ሳለ ከጮቄ ተራራ በኩል ጉም ወረደና ሜዳውን ዋጠው። ኳሷ ስትመታ ትሰማታለህ እንጂ አታያትም። ዳኛው የስፖርት አስተማሪያችን ነበር፤ ፊሽካውን ነፋና "በቃ፣ አልቋል" አለ። ታች ሰፈሮች "ለላይ ሰፈር አዳላ!" ብለው ድንጋይ አነሱ። ምስኪን፣ ግንባሩ ተፈንክቶ ነው ቤቱ የገባ።

ከዚያ ሽማግሌ ገባ። ዳኛ ከእንግዲህ ለጉምም ለዝናብም ብሎ በራሱ ጨዋታ እንዳያቋርጥ ተወሰነ። ሁለቱም አምበሎች እጃቸውን ወደ ላይ ካነሱ ይቆማል፤ አንዱ ካላነሳ ይቀጥላል፤ ሜዳውን ጥሎ የወጣ እንደተሸነፈ ይቆጠራል። ቄሱ መስቀል አሳልመውን ማልን። ያኔ ትልቅ ጥበብ መስሎን ነበር። ለመብረቅ ሕግ ያወጣን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

በዚያው ዓመት ለታች ሰፈሮች አንድ በያጅ ከአሮጌ የውኃ ቱቦ የብረት ጎል ሠራላቸው። በእነሱ በኩል ተከሉት። በእኛ በኩል ያለው ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድና ገመድ ነበር። ቅናት ሊገድለን! በረኛቸው ደግሞ መለሎ፣ ሳቂታ፣ ለእናቱ የመጨረሻ ልጅ ነበር። ኳስ ባዳነ ቁጥር የብረቱን ቋሚ በመዳፉ ሁለት ጊዜ ይመታዋል፤ ድምፁ እስከ ገበያው ይሰማል። እንዴት ያናድደኝ ነበር መሰለህ። አሁን ያንን ድምፅ አንድ ጊዜ ብሰማው ብዬ የምመኝበት ቀን አለ።

ሰማኸው? ነጎድጓድ ነው። ገና ሩቅ ነው፤ አይዞህ።

ከጉሙ ጨዋታ በአራተኛው ዓመት፣ በረኛው በሞተበት እሑድ፣ ከጠዋቱ ጀምሮ አየሩ ከብዶ ነበር። ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ነፋስ የሚባል የለም፤ ዝንቡ ይናከሳል። እናቴ ደጃፍ ቆማ ወደ ጮቄ አየችና "ዛሬስ ቢቀርባችሁ" አለችኝ። ሳቅኩባት። እኛ እኮ ሦስት ዓመት በተከታታይ ተሸንፈናል፤ አራተኛ ከሆነ አምበልነቱን ሊቀማኝ ሰፈሩ በሙሉ ተማክሯል። በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ አገቡብን። በዕረፍት ጎል ተቀያየርን። እስከዚያ ድረስ ከብረቱ ሥር የቆመው የእኛ በረኛ ነበር፤ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሰማዩ ጠቆረ። መጀመሪያ ነፋሱ መጣ፣ ቀጥሎ ዝናቡና በረዶው። ተመልካቹ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ትምህርት ቤቱ በረንዳ ሮጠ። እዚያ ከቆርቆሮው ሥር በረዶው ሲወርድ አጠገብህ ያለ ሰው ቢጮህ አትሰማም። ከወንዙ ማዶ አንድ ጊዜ በረቀ፤ አንድ ባሕር ዛፍ ሲሰነጠቅ በዓይናችን አየን። ልክ ያኔ ማዕዘን ምት አገኘን። ዳኛው ጀርባውን ሰጥቶን ኳሷን ማዕዘኑ ላይ ያስተካክላል። ሌላው ሁሉ አንገቱን ቀብሯል።

አባትህ ከእኔ አሥር እርምጃ ቢርቅ ነው። ወደ እኔ ዞረና እጁን አነሳ። የቀኝ እጁን፣ ይህ ጨርቅ የታሰረበትን። "አንተ፣ በቃ! እንውጣ!" አለኝ። አየሁት። ሰማሁትም። ልጄ፣ ጎል እየመራ ያለው እሱ ነው፤ ጨዋታው ቢቆም አሸናፊ እሱ ነው። በልቤ "ብልጥ!" አልኩት። እኔን ማታለሉ መሰለኝ። ፊቴን አዙሬ ለመቺው "ምታው!" ብዬ ጮኽኩ።

ኳሷ መጣች። በረኛው ከሁላችን በላይ ዘለለና በሁለት እጁ ያዛት። ሳቀ፤ ጥርሱን አየሁት። ከዚያ ኳሷን በብብቱ ይዞ እንደ ልማዱ ብረቱን ሊመታ እጁን ዘረጋ። አንድ ጊዜ መታው። ሁለተኛውን አልሰማነውም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግርህም። ብርሃኑን አስታውሳለሁ፤ ቀጥሎ ሁላችንም መሬት ላይ ነበርን። ስንነሳ እሱ አልተነሳም።

ለቅሶ ቤት ስንገባ ታላላቅ ወንድሞቹ ዱላቸውን ተደግፈው በበሩ ግራና ቀኝ ቆመዋል። እናቱ ከጩኸት ብዛት ድምፃቸው ተዘግቷል። እኔንና አባትህን ፊታቸው አስቁመው "ልጆቼ፣ እጁን ያላነሳ ማናችሁ ነው?" አሉ። አባትህ አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። የአንዱ ወንድም መዳፍ ዱላው ላይ ሲጠብቅ ታየኝ።

"እኔ ነኝ፣ እማማ" አለ አባትህ።

ወንድሞቹ አፈጠጡበት። ግን የገዛ ሰፈራቸው ልጅ ነው፣ አብሮ አደጋቸው፣ ወንድማቸው ነፍሱ ስትወጣ አቅፎት የነበረ። አንዱ ዱላውን ጥሎ ማልቀስ ጀመረ። የላይ ሰፈር ሰው ስም ቢጠራ ኖሮ ያ ዱላ አይወድቅም ነበር። በእኔም አያበቃም፤ እኔም ወንድሞች አሉኝ። ደም አንዴ ከገባ የት እንደሚቆም ማን ያውቃል? አባትህ ይህን ሁሉ እዚያው በአንድ ትንፋሽ አሰበው። እኔ ያሰብኩት ስለ ራሴ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ። ሚዜ ሁን ያለው የለም። እናትየው እሱን ሲያዩ በራቸውን ይዘጋሉ። ኳስ ዳግመኛ አልነካም። የጎሉንም ብረት ቆርጠው ወሰዱት። እኔስ? እኔማ ተከብሬ ኖርኩ። የዕድር ዳኛ ሆኜ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ የተጣላ አስታርቃለሁ።

በነገሩ ያነጋገረኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ሁለታችንም ፀጉራችን ሸብቶ ነበር። ገበያ ላይ ዝናብ ያዘንና ከአንድ ሱቅ ታዛ ሥር ተጠለልን። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር "ያን ቀን ዝናቡ ጋርዶህ ነው አይደል?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

"እኔም ለራሴ እንደዚያ ነው ያልኩት" አለና የጋቢውን አንድ ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ። እስኪያባራ በአንድ ጋቢ ቆምን። አንተ ልጅ፣ ያን ጊዜ እግሩ ላይ ወድቄ ቢሆን ምን ነበረበት! አፈርኩ። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ አርባውን በላሁ።

ዝናቡ አልጋረደኝም። አባትህ እጁን አንስቶ ነበር፣ ያነሳውም ያለ እኔ፣ ብቻውን ነው።

በል ተነስ፣ ጋቢዬን አቀብለኝ። እናትየው በሕይወት ሳሉ እንድረስ። ሊዘንብ ነው ትላለህ፤ ይዝነብ። ወንድሞቹም ቤት ካሉ ይኑሩ፤ ከእንግዲህ እኔን ቢመቱ ምን ያተርፋሉ? ጨርቁን አንተ ያዘው፣ ያንተ ነው። በሩ ሲከፈት ግን ከኋላዬ ሁን፣ ምንም አትናገር። እኔም ብዙ አልናገርም። አባትህ ያን ቀን ያለውን ነው የምለው፤ "እኔ ነኝ፣ እማማ" ነው የምላቸው። በእኔ አፍ ሲሆን እውነት ነው።