ለአንድ ሰው ፉል

ኦምዱርማን ገበያ ውስጥ የኸለፈላን ፉል ቤት የማያውቅ የለም። እዚያ የሚታዘዘው ፉል ነው፤ ግን «ለአንድ ሰው» ብሎ ያዘዘ ጉዱ ፈላ! እኔንም የገዛ ገንዘቤን ይዤ ሄጄ በሰው ፊት አዋርዶኛል።

ትናንት ሙዘሚል የሚባል ሾፌር እንደዚያው ብሎ አዘዘ። ኸለፈላ በጭልፋው የድስቱን አፍ ደበደበው።

«ብቻህን ልትውጥ? እነዚህ ሁሉ ሰዎች ላንተ ወንበር ናቸው? ሂድና አብረሃቸው ከአንድ ሳህን ብላ!»

«እሺ አጎቴ፣ አንተስ ከማን ጋር ነው የምትበላው?»

ስንት ዓመት ሙሉ ከድስቱ ጀርባ ቆሞ ብቻውን የሚጎርሰው ራሱ ኸለፈላ ነው።

ፊቱ ጠቆረ። ትልቅ ሳህን ሞልቶ ሙዘሚል ፊት ዘጭ አደረገና አጠገቡ ተቀመጠ።

«ምን ታፈጥብኛለህ? ዳቦውን ቁረስ!»