የድንቡሼ ሾርባ

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። የእኛ እናት ግን ነገሩን አበዛችው፤ እኔን እንደ ክር አቅጥና ታላቅ እህቴን እንደ ፍራሽ አወፍራ ወለደች። ገና ሕፃን ሳለች «ድንቡሼ» አለቻትና ስሙ አብሯት አደገ። ሰፈሩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ በኋላም የምንሠራበት ሆቴል ድንቡሼ ሲላት እሷም አቤት ስትል ኖረች። እማዬ ስሙን የምትጠራው በኩራት ነበር። ከቤቷ ወፍራም ልጅ መውጣቱ ለእሷ ሹመት ነው።

ምክንያት አላት። ከሁለታችን በፊት ወንድ ልጅ ነበራት። ሐኪሞቹ በሽታውን ለይተው ሳያውቁት እየከሳ እየከሳ ሄዶ፣ አንገቱ ራሱን መሸከም አቅቶት ሞተ። እማዬ ስለ እሱ ስታወራ «ታመመብኝ» አትልም፤ «ከሳብኝ» ነው የምትለው። ልጇን መክሳት እንደገደለባት ነው በልቧ የያዘችው። ስለዚህ እኔና ድንቡሼ ሳህናችንን ሳንጨርስ ከገበታ ተነሥተን አናውቅም። እኔ የበላሁት የት እንደሚገባ እንጃ፣ የድንቡሼ ግን ሁሉም ይታይላታል። የእማዬ ዓይንም ወደ እሷ አጋደለ።

ሁለታችንም የሆቴሉ ላውንደሪ ውስጥ ነን። እኔ ማጠቢያው ጋ ከማሽኖቹ ጋር ስጨቃጨቅ እውላለሁ፣ ድንቡሼ መተኮሻ ክፍል ናት። የጠረጴዛ ጨርቅ እሷ እጅ ከገባ ወረቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። ጨርቁን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመውን ስታርች የምትበጠብጠውም ራሷ ናት። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ ታሟሟዋለች፣ የፈላ ውሃ እያፈሰሰች ታማስለዋለች፣ ከዚያ በሁለት ጣቷ ነክታ ቀጠነ ወይም ወፈረ ትላለች። ለሸሚዝ ኮሌታ፣ ለናፕኪን፣ ለሠርግ ጠረጴዛ ልኩ የተለያየ ነው። ጣቷ ተሳስቶ አያውቅም።

የመተኮሻ ክፍሉ አለቃ ጡረታ ልትወጣ መሆኑ ሲሰማ ቦታው የማን እንደሆነ ማንም አልተጠራጠረም። ከላውንደሪው ኃላፊ በቀር። ይህ ኃላፊ ልጅ እግር ነው፤ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ክፍል ይገባል። ድንቡሼን ጠርቶ አስቀመጣትና «ሥራሽን ማንም አይክድም። ግን አለቃ ማለት ደረጃ መውጣት መውረድ ነው፣ ካዳራሽ አዳራሽ መሮጥ ነው። አንቺ በዚህ ሰውነት…» ብሎ የቀረውን ለእጁ ተወለት። እጁም አየር ላይ ትልቅ ክብ ሠራ።

ድንቡሼ ያቺን ክብ ዋጠቻት። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም አለችና «ያንን ቦታ ሳልይዝ አልቀርም» አለችኝ። ጉልበቷ ድሮም ያሠቃያት ነበር፤ ስኳር እየጀመራት እንደሆነም ሐኪም ነግሯታል። ብቻ ውሳኔዋን ያስጨረሳት ስኳሩ ሳይሆን የኃላፊው እጅ ነው። ጨጓራዋን ለማሳነስ ቀዶ ሕክምና ልትገባ ተመዘገበች።

እማዬ ስትሰማ ተቀመጠች። «ጤነኛ ሆድ ይቆረጣል እንዴ? ሰው ሆዱን ለመሙላት ይለፋል፣ ያንቺ ልፋት ሆድን ለማስቆረጥ ነው?»

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ከሆስፒታል ስትወጣ የምግብ ባለሙያዋ ሦስታችንንም አስቀምጣ መከረችን። ረጋ ያለች ሴት ናት። «ጨጓራሽ አሁን ትንሽዬ ናት፣ በማይረባ ነገር አትሙያት» አለቻት። «ጠንካራ ምግብ ስትጀምሪ እንቁላሉ፣ ዓሣው፣ ሥጋው ይቅደም። አትክልቱ ይከተል። ዳቦ፣ ሩዝና ድንች ወረፋቸውን ይጠብቁ፤ ቦታ ከተረፈ መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ጉርሻ። ጠላቶችሽ አይደሉም፣ ግን ቀድመው ከገቡ ለሌላው ቦታ አይለቁም። ስኳርና ዱቄት ከበዛበት ፈሳሽ ግን ተጠበቂ። እሱ ጨጓራሽ ውስጥ አይቆይም፤ በአንድ ጊዜ አንጀትሽ ላይ ይደፋል። ደምሽ ውስጥ ያለው ስኳር ሽቅብ ይወጣና ቆይቶ ቁልቁል ይወርዳል። ያኔ ያልብሻል፣ ትንቀጠቀጫለሽ፣ ልትወድቂም ትችያለሽ።»

«ዳቦ ወረፋ ይጠብቅ?» አለች እማዬ። «እኛ ለዳቦ ወረፋ ስንጠብቅ አርጅተን፣ ዛሬ ደግሞ ዳቦ ለኛ ተሰልፎ ይቁም?»

ባለሙያዋ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እማዬ አልሳቀችም።

ድንቡሼ የተባለችውን በማድረግ ማንም አይደርስባትም። እንቁላሏን በትንሽ ማንኪያ እየቆረሰች፣ ወሬ እንኳ ሳታወራ ታላምጣለች። ከምግብ ጋር ውሃ አትጠጣም። ዳቦዋ ከሳህኑ ጫፍ ተቀምጣ ወረፋዋን ስትጠብቅ ትቆይና ብዙ ቀን ሳይደርሳት ትነሣለች። ወራቱ ሲገፉ ቀሚሶቿን ራሷ አጠበበቻቸው። ጉልበቷ ዝም አለ። አንድ ቀን የሆቴሉን ደረጃ እኔን ቀድማ ወጥታ፣ ከላይ ሆና «ምነው እህቴ፣ ከበደሽ?» አለችኝ። እንደዚያ ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ኃላፊውም አየ፤ የድሮዋ አለቃ እስክትወጣ ድረስ ተጠባባቂ ሆነሽ ሞክሪ አላት። ቦታው እጇ ሊገባ ምንም አልቀረውም።

እማዬ የምታየው ሌላ ነበር። አንድ ቀን ድንቡሼ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታስር ከኋላዋ መጥታ ትከሻዋ ላይ የወጣውን አጥንት በጣቷ ዳሰሰችው። «የሱም እንዲህ ነበር» አለችና ወደ ኩሽና ገባች።

በማግስቱ ለድንቡሼ ፔርሙዝ አዘጋጅታ ቆየቻት። «የሥጋ ሾርባ ነው። ፈጭቼ ነው የቀቀልኩት። ያቺ ሴትዮ ሥጋ ይቅደም ብላ የለ?» አለች። ድንቡሼ ዓይኗ እንባ አቀረረ። በመንገድ ላይ «እማዬ ገባት» አለችኝ ደጋግማ። ከዚያ ወዲህ ፔርሙዙ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ድንቡሼም ከሥራ መሀል ትንሽ ትንሽ እያለች ሾርባዋን ትጠጣለች።

መንቀጥቀጡ የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። ሾርባውን ጠጥታ ቆየት ስትል ላብ ያጠምቃታል፣ እጇ ካውያውን መያዝ ያቅተዋል። መጀመሪያ የጠረጴዛውን ጫፍ ይዛ አለፈችው። ሌላ ቀን የቆሸሸ አንሶላ ቅርጫት ላይ ቁጭ አለች። ባለሙያዋ ስልክ ላይ ምን ምን እንደምትበላ ስትጠይቃት እንቁላል፣ ዓሣ፣ የሥጋ ሾርባ አለቻት፤ ከዚህ ውስጥ ደግሞ ምን ጥፋት ይገኛል? ቤት መጥተን ስንነግራት እማዬ «አላልኩም? ምግብ አንሷት ነው!» አለች። በማግስቱ ፔርሙዙ ከበደ። ፔርሙዙ ሲከብድ መንቀጥቀጡ ባሰ፤ መንቀጥቀጡ ሲብስ ፔርሙዙ ይብሱን ከበደ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። እማዬ ፔርሙዙ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቅ ነበር።

ትልቅ ሠርግ በነበረበት ቀን ድንቡሼ የሙሽሮቹን ጠረጴዛ ጨርቅ ለማንም አላምንም ብላ ራሷ ትተኩስ ነበር። እኔ ጋሪ እየገፋሁ ስገባ ፊቷ አመድ መስሏል። «ያዢኝ» አለች፤ ሳልደርስላት ወደቀች። ካውያው ጨርቁ ላይ ቀረ። እሷን ስናነሣ፣ ውሃ ስንረጭ፣ የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ ክፍሉን ሞላው። የሙሽሮቹ ጨርቅ መሀል ለመሀል ቡናማ የካውያ ቅርጽ ታትሞበት ተገኘ።

ኃላፊው መጣ። ጨርቁን አየ፣ እሷን አየ። «ድሮ ብዙ ነበርሽ፣ አሁን ደግሞ አለቅሽ» አለ። በጣቱም አየር ላይ ከላይ ወደ ታች ቀጭን መስመር አሰመረ። በሳምንቱ ቦታው ለአንሶላ አጣፊዋ ልጅ ተሰጠ። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ካውያ እንዴት እንደሚያዝ ያሳየቻት ድንቡሼ ናት። አዲስ ሥራዋን ስትጀምር ድንቡሼን አቅፋ ያለቀሰችውም ከልቧ ነው። ለድንቡሼ ግን ምን ያደርግላታል?

ከዚያ ወዲያ በአንዱ ቀን ድንቡሼ መብላቱም መጠጣቱም አስጠላት። የቀዳችውን ሾርባ መስኮቱ ላይ ትታው ሥራዋን ቀጠለች። ሥራ ልንጨርስ ስንል ኩባያውን ልትደፋ አነሣችውና ቆመች። ሾርባው ረግቷል። በላዩ ቆዳ ሠርቷል። በሁለት ጣቷ ነካችው፤ ልማድ ነው። ጣቶቿን ደጋግማ አሻሸች።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

ንጹሕ ናፕኪን አንሥታ ከኩባያው ነከረችው፣ ጨመቀችው፣ ካውያ አሳረፈችበት። ሲደርቅ በአንድ ጫፉ ይዛ ወደ ላይ አነሣችው። ናፕኪኑ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ለሠርግ ጠረጴዛ ይሆናል» አለች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ምንጩን አወቅን፣ ቦታው ግን ሄዷል።

ቤት ስንደርስ እማዬ ኩሽና ውስጥ ድንች እየላጠች ነበር። ድንቡሼ ናፕኪኑን ፊቷ አኖረችው።

«ምንድን ነው?» አለች እማዬ።

«ሾርባሽ ነው።»

እማዬ ቢላዋውን አስቀመጠች። ትክዳለች ብዬ ነበር፣ አልካደችም። «ዱቄት ነው» አለች። «ድንችም አለበት። እንዳታውቂው እያጠለልኩ ነበር።»

«ለምን እማዬ?»

«ከሳሽብኝ። ኋላም ትንቀጠቀጪ ነበራ።»

«የምንቀጠቀጠው በሱ ነው። ሴትየዋ ስትናገር አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።» እማዬ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ሐኪም ያን ጊዜም ብዙ ነግሮኛል። አትስጊ፣ ይሽለዋል ብሎኝ ነበር። እኔ የማውቀው የከሳ ልጅ እንደሚሞት ነው። ቦታ ሌላ ጊዜ ይገኛል። አንቺን ከየት አመጣሻለሁ?»

ልጮኽባት አፌን ከፍቼ ነበር። አተርፍ ባይ አጉዳይ ብያት የልቤን ላደርስ። ግን እናትን በምን ትከሷታላችሁ? ልጇን በማብላት? አፌን መልሼ ዘጋሁት፤ ንዴቱ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ድንቡሼ አልጮኸችም። «እኔ እኮ ልሞት አልነበረም እማዬ» አለች። «መኖር ልጀምር ነበር።»

እማዬ የተላጠውን ድንች ወደ ጎን ገፋችው።

አሁን ድንቡሼ ምግቧን ራሷ ታበስላለች። መንቀጥቀጡ ፔርሙዙ የቀረ ዕለት ቆመ፤ ስኳሩም ጠፍቷል፣ ሐኪሞቹ ደስ ብሏቸዋል። ኃላፊው ግን በዚያ ጉዳይ ጆሮ የለውም። አዲሷ አለቃ ደረጃውን ትወጣለች ትወርዳለች፤ ትልቅ ግብዣ ሲኖር መጥታ «እትዬ፣ ስታርቹን አንቺው በጥብጪልኝ» ትላታለች፣ ድንቡሼም ትበጠብጥላታለች።

ከሥራ ስንመለስ እማዬ በር ላይ ውሃ ይዛ ትጠብቀናለች። ለእኔ እንዲሁ ትሰጠኛለች። የድንቡሼን ግን መጀመሪያ ራሷ ፉት ትልለታለች፣ እያየቻት፣ ከዚያ ታቀብላታለች። ድንቡሼ ብርጭቆውን ትቀበልና ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ ታየዋለች። ከዚያ ትጠጣለች።