የእናቴ ምሳ የሌለበት ዕቅድ

ብርቱካን ሲላጥ ያቺ ዓይን የምታቃጥል ፍንጣሪ ከነጠረኗ ፊቴ ላይ ስታርፍ ዛሬም ሆዴ ይባባል። ሌላው ሰው በዓል ትዝ ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን በጦርነቱ መንገድ ተዘግቶ፣ መብራትና ስልክ ጠፍቶ የከረምንበት መርሳ ከተማ ያለው ቤታችን ነው የሚታየኝ።

በአቅራቢያችን ግራና የሚለማውን ብርቱካን የሚጭን መኪና ስለጠፋ ገበሬው ለጎረቤት ያድለው ነበር። ፓፓያውም እንደዚያው። የጠፋው እህሉ ነው። ወፍጮ ቆሟል፣ ገበያ የለም፣ አባቴ ዕቃ ሊያመጣ ደሴ እንደሄደ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷል። ቤት የነበርነው እናቴ፣ እኔና የአምስት ወር ወንድሜ ነን። በወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ ሲጮህ የጣሪያችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ዝም ሲል ደግሞ ይብሳል፤ ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ አናውቅም ነበራ።

እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ በዚያ ላይ አዋቂ ነኝ ባይ ነበርኩ። አትሳቁብኝ፤ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ መምህራችን ያስተማረችንን ይዤ የቤታችንን የቀን ምግብ ማቀድ ጀመርኩ። ከደብተር የገነጠልኩትን ወረቀት ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ ብዬ ሦስት ቦታ ከፈልኩት። በሽታ ተከላካዩ ሞልቶ ፈሰሰ። ኃይል ሰጪው ግማሽ ማዳበሪያ ማሽላ ነው፤ እሱንም ወይ በእጅ ወፍጮ እንፈጨዋለን ወይ እንቀቅለዋለን። ገንቢ የምለው ከሁለት ጣሳ የማይበልጥ ማሾ የሚባል ጥራጥሬ ብቻ ነበር። ብደለድለው፣ ብሸነሽነው ሳምንት አልደርስ አለኝ።

እናቴ ወረቀቱን አይታ ሳቀች። ከዚያ በረመዳን አራስ ስለነበረች ሠላሳውም ቀን እንዳመለጣት፣ ቀዷዋን፣ ያንን ያመለጣትን ጾም፣ አሁን ጾማ ብትገላገል እንደሚሻላት ነገረችኝ።

“ቁርሴንና ምሳዬን ከዕቅድሽ አውጪው” አለችኝ።

ደስ ብሎኝ ሰረዝኩት። ማሾው ሁለት ሳምንት ደረሰልኝ። ያን ቀን የተሰማኝ ኩራት እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ማታ ስታፈጥር ብርቱካን ትልጥና ከንፍሮው ቆንጠር አድርጋ ጠግቤያለሁ ትላለች። ጉንጯ እየገባ ሄደ። ሳምንት ካለፈ በኋላ ወንድሜ ጡቷን ይዞ ይለቅና ያለቅስ ጀመር። ከዚያ ልቅሶው ራሱ እየቀጠነ መጣ። ከመሣሪያው ይልቅ እሱ ያስፈራኝ ነበር፤ ሌሊት ትንፋሹን ለማዳመጥ እጄን ደረቱ ላይ አደርግ ነበር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ እናቴን ያዋለዱት ጎረቤታችን አሮጊት ሊጠይቁን ገቡ። ልጁን ታቅፈው ጭኑን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። እናቴ ምን እንደበላች ሲጠይቁ ቀደም ብዬ ቀዷ ላይ መሆኗን ነገርኳቸው፤ ዕቅዴንም ዘረጋሁላቸው። ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱን ዘቅዝቀው እንደያዙ እናቴን አዩዋት።

“የምታጠባ ሴት ቀዷዋን እንደምታቆይ ጠፍቶሽ ነው?”

እናቴ አንገቷን ደፋች። “አልጠፋኝም፣ እማማ። ማሾው ለልጅቷ እንዲደርስ ብዬ ነው።”

ልጅቷ እኔ ነኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አሮጊቷ የቀረውን ማሾ በሙሉ አሁኑኑ ቀቅዪው አሉኝ። ላም ሳትግጥ አትታለብም እያሉ፣ እናቴ ጨርሳ እስክትበላ ከፊቷ አልተነሱም። ከማግስቱ ጀምሮ ከፍየላቸው ወተት ግማሹን ያመጡልን ነበር። የእናቴ ጡት ቀስ ብሎ ወተት መያዝ ጀመረ፤ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። ወንድሜ ተረፈ። ከእኩዮቹ ዘግይቶ ነው በእግሩ የሄደው፤ ዛሬም ክሱ ነው።

መንገዱ ተከፍቶ፣ እሱም ጡት ከተወ በኋላ አንድ ሰሞን እናቴ ቀን ቀን ምግብ አልቀምስ አለች። ደንግጬ ምን ሆነሽ ነው አልኳት። ቀዷ እየጾመች መሆኑን ነገረችኝ። ያኔ፣ በዚያ በክፉ ቀን፣ ጾመሽው የለም ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

“ያኔ መች ለአላህ ብዬ የመጾም ኒያ ነበረኝ?” አለችኝ። “እሱ ረሃብ ነው፣ ልጄ። ሠላሳውም ቀን እንዳለ ነው።”